ሁለቴ የተጠቀለለው ተራ

ደባርቅ ላይ ለጎብኚዎች ጓዝ የሚጭኑ ባለ በቅሎዎች ተራ ይጠብቃሉ። ሐዘን የገጠመው ሰው ተራውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከሰልፉ ራስ ይቆማል። ይህ ለዓመታት በማኅበሩ ደብተር ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ደብተሩን ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

ግጥም እጽፍ ነበር፤ ፕሮግራም መሥራትንም እንደ ግጥሙ ያለ አስተማሪ ለመድኩት። ለማኅበሩ የድረ ገጽ መዝገብ ሠራሁ። ስም፣ ቀበሌና የተራ ቁጥር በዳታቤዙ ውስጥ የየራሳቸው ዓምድ ነበራቸው። የቀረውን፣ የበቅሎዋን ቀለምም የተሰጠውንም ተራ፣ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ጠቅልዬ በአንድ ዓምድ አጎርኩት። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ምን እናድርገው ቢለኝ፣ ለቆሎ መጠቅለያ ይሁን አልኩት። ሆነም።

በግንቦት አንድ የጃናሞራ ሽማግሌ መጡ። ተራቸውን ሰጥተው የሚስታቸውን ተዝካር ሊያወጡ ሄደው ነበር። ክረምቱ ሳይገባ የቀራቸው ይህ አንድ ጉዞ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ የሰጡትን ተራ በኮምፒዩተሩ ፈለገች፤ ባዶ መጣ። ምስክር የሚሆናቸው ጎረቤት ደግሞ ከእንግዶች ጋር ተራራ ላይ ነው።

«ኮምፒዩተሩ የለም ካለ የለም ነው፣ ጋሼ» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«ኮምፒዩተሩ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?»

ተሰላፊዎቹ ሳቁ። እኔ ዳታቤዙን ከፍቼ አየሁት። ተራቸው አለ። ግን ኮዴ ጄሰኑን ሁለት ጊዜ ወደ ጽሑፍ ለውጦታል፤ በየጥቅስ ምልክቱ ፊት ጭረት ተደንቅሯል። ዳታቤዙ የሚያየው አንድ ረጅም ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በውስጡ «የተሰጠ ተራ» የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ዓምዱም ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ የጽሑፍ ዓምድ ነበር። መቀመጡን እንጂ ተፈልጎ መገኘቱን አልሞከርኩም።

ለሊቀመንበሩ አሳየሁት። አሁን እኔ ጽፌው እንዳልሆነ በምን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ፤ በፍለጋ ካልወጣ አልቀበልም አለ። ከማሽኑ ሌላ እንዳያምን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የተጠቀለለውን ሁሉ ፈታሁ፤ ዓምዱን ዳታቤዙ ውስጡን ማንበብ የሚችለው የጄሰን ዓምድ አደረግሁት፤ የተሰጠውን ተራ ግን አውጥቼ የራሱን ዓምድ ሰጠሁት። በየቀኑ የሚጠየቅ ነገር መጀመሪያውንም ከጥቅልል ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ፍለጋው ሽማግሌውን በሰልፉ ራስ ላይ ሲያሳያቸው፣ የመጨረሻዎቹ እንግዶች በሌላ ሰው በቅሎ ሄደዋል፤ ዝናቡም ገብቷል።

መናኸሪያው አጠገብ በቅሏቸውን ሲስቡ ደረስኩባቸው።

«ጽፈኸው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ደብተሩ ሲጠየቅ ይናገር ነበር።»

ለመንገድ ቆሎ ገዙ። የተጠቀለለበትን ወረቀት እንዳላይ ፊቴን አዞርኩ።