አማቻችን አባቴን «አንተ» ያለ ዕለት

እህቴን ለላዩ ጎጥ ስንድር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የላዩና የእኛ የታቹ ጎጥ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ በሚፈልቅ አንድ ምንጭ ነው በበጋ ድንች የሚያለሙት። ምንጩ የሚወጣው እነሱ ዘንድ ነው፤ ወደ እኛ የሚወርደው ቦይ በነሱ ማሳ በኩል ያልፋል። ስለዚህ አባቴ ከላይ አማች ማግኘቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠረው። «ከእንግዲህ ውሃችንን የሚያይልን ዘመድ አለን» ይል ነበር።

አማቻችን ቁጥብ ሰው ነበር። አባቴ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ሲያነጋግረው አንገቱን ይደፋል። እኛ ልጆቹ አባታችንን «አንተ» ነው የምንለው፤ እሱ ግን አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ወርዶ አያውቅም። እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይባርኩ። ከእህቴ ጋር ሆነን እንስቅበት ነበር።

ከዚያ በጋው የከፋበት ዓመት መጣና ምንጩ ቀጠነ። ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት የእኛ ጎጥ ሰው ነበር። ላዮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ምንጩ ከደጃችን እየወጣ፣ እሱ ማለዳውን ለራሱ ሰዎች ሰጥቶ ለእኛ የቀትር ሐሩር ይተውልናል አሉ። ሐሰት አልነበረም። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ከሃዲ ነበር የሚባለው። ብዙም ሳይቆይ በገበያ መንገድ ላይ ሰላምታ ቀረ። ወፍጮ ቤት ሴቶቹ ለየብቻ መሰለፍ ጀመሩ። እህቴም እሑድ እሑድ መምጣቷን ተወች።

አንድ ጠዋት ተራው የአባቴ ሆኖ ሳለ ቦዩ ደረቅ ነበር። አካፋውን ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። ቦዩ ከእህቴ ማሳ ጥግ ላይ በሣርና በጭቃ ተደፍኖ፣ ውሃው ወደ ድንቻቸው ይገባል። አማቻችን ድፍኑ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው የጎጡ ወንዶች ዱላቸውን ተደግፈዋል።

አባቴ አልጮኸም። «ልጄ፣ ተራው የእኔ ነው። ክፈትልኝ» አለው።

«አይከፈትም።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

አማቻችን ዘወር ብሎ ሰዎቹን አየት አደረገ። ከዚያ ወደ አባቴ ተመለሰና፣ «አንተ ማን ስለሆንህ ነው? ሂድ ከዚህ» አለው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በአካፋው ሊዝቅ ሲል አማቻችን ገፈተረው። አባቴ በጎኑ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ሮጬ የአማቻችንን ጋቢ ከአንገቱ ላይ ጨመደድሁት። እህቴ ይህን ጊዜ ከቤት ወጥታ እየሮጠች መጣች። አባቴን ልታነሳው ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ያላቀቀችው ባሏን ከእጄ ነው።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለችኝ።

«አባታችን ወድቋል።»

«አይቻለሁ። ዘንድሮ ልጆቼ የሚበሉት ይሄን ድንች ነው። እናንተ ማለዳ ማለዳ ስታጠጡ እኛ ቆመን ስናይ፣ ማን ምን አለ? ይዘሽው ውረጂ።»

ይዤው ወረድሁ። ቤት ገብተን ያበጠ ጎኑን በሞቀ ውሃ ሳሽለት ነው የተናገረው።

«አንተ አለኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

ስለ ጎኑ አላነሳም። ከዚያ ወዲያም አንስቶ አያውቅም።

ነገሩ ደም ሳያፈስ ብለው ከሁለቱም ጎጥ ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጥዱ ሥር ተቀመጥን። የውሃው ጉዳይ ሳይውል ሳያድር አለቀ። የውሃ አባት ከየጎጡ አንድ አንድ ይሁን፣ ማለዳውም ይፈራረቅ ተባለ። ከባዱ የአባቴ ነበር። አማቻችን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አባቴ ነዎት» አለ።

አባቴ ቁልቁል አየው። ሽማግሌዎቹ «ይቅር በል፣ ይቅር በል» አሉት። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ» አለ፤ አነሳውና ሳመው። እኔ የአማቻችንን ፊት እያየሁ ነበር። ያፈረ ሰው ፊት አልመሰለኝም፤ ሥራውን ጨርሶ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ፊት ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፣ «ያን ቀን የተናገረው የልቡን ነው። ዛሬ የተናገረው የሽማግሌዎቹን ነው» አለኝ። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው።

በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ዝናብ ጠገበ፣ ምንጩም ሞላ። እህቴ ወንድ ልጅ ወለደችና ለክርስትናው በስልክ ጠራችን። አባቴ «እግሬን አሞኛል» አለ። እግሩን አላመመውም። እኔ ሄድሁ። ከላዩ ጎጥ ሴቶች መካከል ተቀመጥሁ። ከጎኔ የነበረችው፣ ማን እንደሆንሁ ሳታውቅ፣ ስለ ታቾቹ ታወራ ጀመር። ሌቦች ናቸው፣ እግዜርን አይፈሩም፣ አጉርሰሻቸው እጅሽን ይነክሳሉ አለች። እኛ ወፍጮ ቤት ስለነሱ የምንለውን፣ አንድም ቃል ሳትለውጥ። እህቴ ጠላ ይዛ ከአጠገባችን ቆማ ነበር። ሰማች። ቀድታልን አለፈች።

ሳልበላ ተነሳሁ። እህቴ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«አሁን እኮ ውሃው ሞልቷል» አለችኝ። «ምን ያጣላናል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

የምመልሰው ነገር ነበረኝ፤ ግን የተጋበዘው ሰው እየገባ እየወጣ ነበር፣ ተሰናብቻት ወረድሁ። በመንገዴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ፣ ሁለታችንም ውሃ እንደጠማን ብንቀር ኖሮ ይሻለን እንደነበር ነው። ያኔ ቢያንስ የምንጣላበትን እናውቅ ነበር።

አሁን ሮብ ገበያ ስንገናኝ እንሳሳማለን። ስለ ሕፃኑ እጠይቃታለሁ፣ ስለ አባታችን ትጠይቀኛለች። ባሏ ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ ግን ዘንቢሌን አንስቼ እሄዳለሁ። እሷም «ቆዪ» አትለኝም።