የቀማሿ መንጋጋ

ትሑት ሰው አይደለሁም። የጥርስ ሐኪም ሆኜ ሚዛን ተፈሪ ስመጣ የጠበቀኝ አንድ ወንበርና አንድ ጉጠት ነበር፤ ዛሬ ክሊኒካችን ውስጥ መንጋጋ የሚያትም ፕሪንተር አለ። ጅማ የተነሳውን ሲቲ ስካን ይቀበልና የታካሚውን አጥንት ከነጥርሱ በፕላስቲክ ሠርቶ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። መብራት ካልሄደ ማለቴ ነው። ከሄደ እንደገና ከሀ መጀመር ነው፤ ስንት ግማሽ መንጋጋ እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በፕሪንተሬ ደረቴን ነፍቼ በምዞርበት ሰሞን አንዲት ሴት ከቴፒ መጣች። ቡና ቀማሽ ናት። ቡናውን ከማንኪያ በኃይል ወደ አፏ ስባ፣ ጣዕሙን ለይታ፣ ደረጃውን ትናገራለች፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። ከታች በቀኝ በኩል ድዷ ውስጥ ተጋድሞ የቀረው የመጨረሻው ጥርሷ እንቅልፍ ነስቷታል። በግራም እንደዚሁ የተቀበረ አላት፤ እሱ ግን አያማትም። ችግሩ፣ በዚያ አጥንት ውስጥ ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል።

«ዶክተር፣ ጥርሱን ይንቀሉልኝ» አለችኝ፤ «ከንፈሬን ግን አደራ። ከንፈሬ ከደነዘዘ ማንኪያው አይታዘዘኝም። ሌላ ሥራ ደግሞ አላውቅም።»

ሞዴሉ ታትሞ ሲወጣ የነርቩን መንገድ በቀይ ቀለም ቀባሁት። የግራው ጥርስ ሥሩ ነርቩን አቅፎታል፤ የሚያማት የቀኙ ግን ራቅ ብሏል። «የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» ብዬ ለነርሷ ጉራዬን ነዛሁ። በማግስቱ ሴትዮዋን ጠርቼ ሞዴሉን አስያዝኳት።

አገላበጠችው። በአውራ ጣቷ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ምላሷም ጉንጯ ውስጥ አብሮ ሲሄድ ይታየኛል።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«እንዴት አይሆንም? ያንቺው ነው እህቴ።»

«የኔ የተሸረፈችው ጥርስ በግራ ናት፤ እዚህ ላይ በቀኝ ሆናለች። አፌን አላውቀውም እንዴ ዶክተር?»

አፏን አስከፍቼ አየሁ። እውነቷን ነው። ፋይሉን ሳዘጋጅ ምስሉን ገልብጬዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ በትንሿ መስታወት ሳይ ስለኖርኩ የተገለበጠው ምስል ለዓይኔ እንግዳ አልሆነበትም። ቀኝና ግራው ተቀያይሯል፤ ነርቩን ያቀፈው ያው የሚያማት ጥርስ ነው። በአሥር ደቂቃ ልመነግለው የነበረው! አፈርኩ። ይቅርታ ስጠይቃት «ይሁን፣ አሁን በደንብ ይሥሩታ» አለችኝ።

አስተካክዬ እንደገና አተምኩ። መብራት ሁለቴ ሄደብኝ። ቢሆንም አንድ ሳይሆን አራት ሞዴል ሠራሁ። በመጀመሪያው ስለማመድ ቀዩን መስመር ቆረጥኩት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጫርኩት። በአራተኛው ጥርሱን ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ ቀዩን ሳልነካ አወጣሁት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን እጄ መንገዱን አውቆታል። ጥርሱ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ወጣ፣ ልክ እንደ አራተኛው ሞዴል። ግን ማደንዘዣው ሳይለቃት ወደ ቴፒ ተሳፈረች፤ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ከንፈሯ ይንቃ አይንቃ ሳላውቅ ሳምንቱ አለፈ።

ስፌቱን ልታስወጣ ስትመጣ ገና ከበሩ የማየው ከንፈሯን ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ጠረጴዛዬ ላይ በሲኒ ወደተቀዳው ቡና ሄደች። ከጓሮዬ የለቀምኩት፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምኮራበት ቡና ነው። ከቦርሳዋ ማንኪያዋን አወጣች፣ ሲኒውን አንስታ ጨለፈች፣ ከንፈሯን ገጥማ ሳበችው። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው።

«ዶክተር» አለች፣ «አይቀየሙኝና ቡናዎ ሻግቷል። ሳይደርቅ ነው የከተቱት።»

ነርሷ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁና ሲኒውን ከእጇ ተቀብዬ ያንን የሻገተ ቡና እስከ አተላው ጠጣሁት።