አንድ ድልድይ በየወቅቱ

የመጀመሪያው ዝናብ የጁባውን የሙኑኪ ሰፈር አቧራ ሲመታ የሚነሳው ሽታ ቁጭ አያስብለኝም። ዛሬም ምግብ ቤቴን ለሠራተኞቼ ትቼ በር ላይ ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በየወቅቱ ከከተማችን ወጣ ብሎ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ይወስደኝ ነበር። አንድ የሰኔ ቀን ካሜራውን ከካፊያው በጋቢው ከልሎ ድልድዩን ፎቶ ሲያነሳ፣ እኔ ጫማዬ ረጥቦ እነጫነጫለሁ።

«አባዬ፣ በመስከረም አንስተኸው የለም እንዴ?»

«ያኔ ዙሪያው አደይ አበባ ነበር።»

«ድልድዩ ግን ያው ነው!»

«እናትሽ ከቤይሩት ስትመጣ ምን አመለጠኝ ትላለች። ምን ላሳያት?»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ሌንሱን ደጋግሞ ጠረገ። ዝናብ የነካው መስሎኝ ነበር።

እናቴ በዚያው ቀረች። ፎቶዎቹን ያየናቸው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

አሁን ልጄ አዲስ አበባ ከአባቴ ጋር ናት፤ እኔም ከጁባ ዳር ያለውን የጀበልን ተራራ በበጋም በዝናብም እያነሳሁ እልክላታለሁ። ዛሬም ላክሁላት።

«ያምራል እማዬ። መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ጻፈችልኝ።

«ለፋሲካ» ብዬ ጻፍኩና፣ መልእክቱን ሳልልክ እየዘነበ ወጥቼ ቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል አስቆምኩ።

«ያላ፣ ወደ አውሮፕላን ቲኬት ቢሮ!»