አራት የሬዲዮ ድንጋይ

ባለፈው ሰኞ ሞጣ ውስጥ ወደተከራየሁበት ግቢ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ አከራዬ የእጅ ባትሪዋን ድንጋዮች ከካቡ ላይ ደርድራ ፀሐይ ስታስመታቸው አገኘኋትና ባለሁበት ቆምኩ። የደከመ የባትሪ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከዚያም በጥርስ ነከስ ነከስ ማድረግ ድሮ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ አልቀረም። አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ዝገትና የኮመጠጠ ሊጥ የተቀላቀሉበት የሚመስለው ያ ሽታ ቀጥ ብሎ አናቴ ላይ ወጣ። አከራዬ "አንች መምህርት፣ ድንጋይም ይሸተታል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁላት። ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ግን ምሳዬን ሳልቀምስ ዋልኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ቢቸና፣ ከታላቅ ወንድሜ ከይበልጣል ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናቴ ጌሾ እየሸጠች ሁለታችንን አሳደገችን፤ ይበልጣል ሲጎረምስ ትምህርቱን አቋርጦ ሞጣ ወፍጮ ቤት ተቀጠረና ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄትና አቧራ ለብሶ ይመጣልን ነበር። አንድ ቅዳሜ ደረቱ ላይ ታቅፎት የመጣው ሬዲዮ አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ቡናማ የቆዳ ልብስ የለበሰ፣ እንደ ሕፃን ልጅ የሚከብድ ነበር። እናቴ ሬዲዮ ማለት ዜናና መዝሙር መስሏት ደስ አላት። ይበልጣል ግን የፈለገው ሌላ ነው፤ አጭር ሞገድ የሚሉትን፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን ድምፅ ነበር የፈለገው። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የፈታውን የመዳብ ሽቦ ከጣሪያችን ጫፍ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ወጠረው። የክርስትና እናቴ እትዬ ባንቺአምላክ፣ ቤታቸውም ሱቃቸውም ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ሽቦውን የልብስ ማስጫ አድርገው እርጥብ ጋቢያቸውን ይሰቅሉበት ነበር። ጣቢያ ድንገት ሲደክምብን ይበልጣል ከቤት ሮጦ ይወጣና ጋቢውን አውርዶ፣ አጥፎ፣ እጅ ነስቶ ይመልስላቸዋል፤ እሳቸውም በሳምንቱ መልሰው ይሰቅሉታል።

ሬዲዮ የማድመጥን ጥበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። መፈለጊያውን ጉጥ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሼን ይዤ በፀጉር ስፋት እንዳዞር፣ ሹሹታው ውስጥ የሰው ድምፅ ብቅ ሲል እጄን እንዳቆም፣ ቋንቋውን ባናውቀው እንኳ በዜማው ከየት አገር እንደሆነ እንድገምት አሳየኝ። ስዋሂሊውን ከአረብኛው ለመለየት አንድ ወር አልፈጀብኝም። ጀርመንኛ ሲሰማ ይበልጣል "ይሄስ ሲያመሰግንም የሚቆጣ ነው" ይል ነበር። የሰማነውን ሁሉ፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ጥራት፣ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር እንመዘግባለን። እናቴ ጌሾዋን እየወቀጠች ታየንና "በሰው አገር ዝናብ ቢዘንብ ለእኛ ማሳ ምን ይረባል?" ትለን ነበር፤ የሬዲዮውን አቧራ ግን ጧት ጧት በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው እሷ ነበረች።

የይበልጣል ትልቁ ምኞት ካርድ ነበር። በአውሮፓ አንዲት ትንሽ አገር ያለ ጣቢያ፣ አድማጭ የሰማውን ዝግጅት ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ በትክክል ከጻፈለት፣ "አዎን፣ የሰማኸው እኛን ነው" የሚል ባለ ሥዕል ካርድ ይልካል። ይበልጣል መዝገበ ቃላት አስቀምጦ፣ ሦስት ቅዳሜ ለፍቶ በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው፤ አድራሻው የእኔ ትምህርት ቤት የፖስታ ሳጥን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ስለ ደብዳቤው አመስግነው፣ የጠቀሰው ቀንና ሰዓት ግን ከመዝገባቸው ጋር እንደማይገጥም በትሕትና ገለጹለት። ሁለተኛ ጻፈ፤ ያው መልስ ተመለሰ። ይበልጣል ፊቱ ጠቆረ። "ቢቸና ያለ ሰው እኛን ሊሰማ አይችልም ብለው ነው" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማድመጡን ባይተውም ደብዳቤ የሚባል ነገር አላነሳም።

ስህተቱን ያገኘሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በ1990 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ይበልጣል ከሞጣ ልጆች ጋር ተመዝግቦ ዘመተ፤ ሬዲዮውን ለእኔ፣ እኔን ለእናቴ አደራ ሰጥቶ። በዚያው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን የዓለምን የሰዓት ልዩነት ሲያስተምሩን ጠመኔው በእጃቸው እንዳለ ገባኝና ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ይበልጣል የጻፈላቸው በእኛ ሰዓትና በእኛ ዓመተ ምሕረት ነበር። እኛ ማታ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱ እኩለ ሌሊት ያለፈ አስመስለው ያነቡታል፤ ዓመቱ ደግሞ ከእነሱ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ምስኪኖቹ ፈረንጆች ከሰባት ዓመት በፊት የተላለፈ ዝግጅትን ትናንት እንደሰማ ሰው የሚተርክላቸውን ጉደኛ ምን ይበሉት! ከግንባር ሲመለስ ካርዱን በስሙ አስመጥቼ እጁ ላይ ላስቀምጥለት ወሰንኩ።

ልክ ያን ሰሞን ከይበልጣል ደብዳቤ መጣ። ጋዜጠኞች ከምሽጉ ድረስ መጥተው ድምፁን እንደቀዱት፣ ወታደሮች ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ በሚያስተላልፉበት ዝግጅት ላይ በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደሚሰማ ጽፏል። ደብዳቤውን ለእናቴ አምስት ጊዜ አነበብኩላት። ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነበር። እናቴ ወዲያው ከእትዬ ባንቺአምላክ ሱቅ አራት አዲስ ድንጋይ አምጥታ አስገጠመችና ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልላ የልብስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። "እስከዚያች እሑድ ማንም እንዳይነካው። ድንጋዩ የልጀ ነው" አለች።

እኔ ግን ነካሁት። ያ የአውሮፓ ጣቢያ ጥርት ብሎ የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እናቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ግማሽ ግማሽ ሰዓት ባዳምጥ ድንጋዩን ምን ያደርገዋል አልኩ። ሦስት ጧት ሬዲዮውን ከሣጥኑ አውጥቼ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሰዓቱን በእነሱ ቆጠራ እየጻፍኩ አዳመጥኩ። በሦስተኛው ጧት፣ ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ዜማ ስመዘግብ የእናቴን የጫማ ኮቴ ከደጅ ሰማሁ፤ ያን ቀን ቶሎ ተመለሰች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሼ ሬዲዮውን በነጠላው ጠቀለልኩና ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ዓርብ ደብዳቤዬን በይበልጣል ስም ፖስታ ቤት አስገብቼ እየዘለልኩ ወደ ቤት መጣሁ። ያን ያህል ደስ ያለኝን ቀን ከዚያ ወዲህ አላስታውስም።

እሑድ ቤታችን ሞላ። እናቴ ቆሎ ቆልታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሬዲዮው ፊት ተቀመጠች፤ እትዬ ባንቺአምላክም ሱቃቸውን ዘግተው ከጎኗ። "በይ ክፈችው" አለችኝ እናቴ። የድምፁን ጉጥ ስይዝ ሲከፈት ቀጭ የሚለው ነገር አላለም። ዝም ብሎ ዞረ። ከሐሙስ ጀምሮ ሳላጠፋው ሣጥን ውስጥ እንደበራ ከርሟል። ድምፅ ግን ወጣ፣ ቀጠን ያለ ቢሆንም ወጣ። አንድ የወሎ ልጅ እናቱን ሰላም አለ፣ ሌላው ለሚስቱ ልጁን ትምህርት ቤት እንድታስገባው ነገራት፣ እያንዳንዱ ከቀደመው እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። እናቴ ጆሮዋን ከሬዲዮው ቆዳ ላይ ለጠፈች። አስተዋዋቂው "ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና…" ካለ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ጎረቤቱ ሁሉ ተነሣ። አንዱ ድንጋዮቹን አውጥቶ ነከሳቸው፣ ሌላው በመዳፉ መሃል አሻቸው። እትዬ ባንቺአምላክ ነጠላቸው እየወደቀ ሮጠው ሱቃቸውን ከፍተው፣ በጨለማው መደርደሪያ ዳብሰው፣ አዲስ ድንጋይ ይዘው ተመለሱ። ሬዲዮው እንደገና ሲጮህ ዘፈን ላይ ነበር። በማግስቱ ገበያ ላይ ስንት ሰው "ልጅሽን ሰማነው እኮ!" አላት፤ አንዱ ስምሽን ጠርቶ ሰላም አለሽ ይላታል፣ ሌላው ለጎረቤቱ ሁሉ ነው ሰላምታ ያቀረበው ይላታል። እናቴ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበር የምትጠይቀው፦ "ድምፁ አልከሳም?"

ወዲያው ጥፋተኛ ፈለገች፤ ሩቅም አልሄደችም። "ጓዳሽ የከረመ የሞተ ድንጋይ ሰጥተሽኝ ነው" አለቻቸው እትዬ ባንቺአምላክን፣ ሰው ፊት። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና "ሊሆን ይችላል፣ አላየሁትም" ብለው ወጡ። ካርዱ በክረምቱ መግቢያ መጣ፤ የንፋስ ወፍጮና አበባ የተሣለበት፣ ከጀርባው የይበልጣል ስም በታይፕ የተጻፈ። እናቴ ፖስታው ላይ ያለው ስሙ መሆኑን ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "እሱ ነው የጻፈው?" አለች። አይደለም ማለት ግድ ሆነብኝ፤ አልኳትም። ጦርነቱ አብቅቶ የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ሲመለስ እኛ ቤት የመጣው መርዶ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከእትዬ ባንቺአምላክ ጋር የምትጠጣውን የማርያም ማኅበር ተወች፣ ጨው እንኳ ሲያልቅባት ሩቅ ሱቅ ትልከኝ ጀመር። "የልጀን ድምፅ የቀማችኝ እሷ ናት" ትላለች።  አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ሱቃቸው ገብቼ "እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ…" ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። "ሰምቻለሁ። ግድግዳችን አንድ አይደል? ያ የፈረንጅ ወሬሽ ጧት ጧት ከራስጌየ ነው የሚንጫጫው" አሉኝ። ለእናቴ ልነግራት እንደሆነ ስነግራቸው እጄን ጨብጠው ያዙኝ። "ሆድ ይፍጀው፣ ልጀ። እኔን ብትጠላ አንዲት ጎረቤት ነው የምታጣው። አንችን ከጠላች ማን ይቀራታል?"

ለመኑኝ፤ ማልኩላቸው። ለመሐላው ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ግን እዋሻለሁ። ተመችቶኝ ነው። የሳቸው ደግነት ለፈሪነቴ መሸሸጊያ ሆነና ተማርኩበት፣ ሥራ ያዝኩበት፣ ሞጣ ድረስ መጣሁበት። እትዬ ባንቺአምላክ ሲሞቱ ለቀብር ቢቸና ወረድኩ። ሬሳቸው በደጃችን ሲያልፍ እናቴ ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አንድ ግድግዳ ለተጋራች፣ ልጇን ክርስትና ላነሣችላት ሴት ከመቀመጫዋ እንኳ አልተነሣችም። አገሩ ሁሉ እናቴን ታዘባት። መታዘብ የነበረባቸው ከአስከሬኑ ኋላ እያለቀስኩ የምሄደውን እኔን ነበር።

ዛሬ በየኪሱ ስልክ አለ፤ ተማሪዎቼ የራሳቸውን ሳቅ ይቀዱና ሁለቴ ሳይሰሙት ያጠፉታል። የሰው ድምፅ እንዲህ ሲረክስ ማየት ያበሳጨኛል፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ ግን ያበሳጨኛል። የይበልጣል አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ደብተር ሙሉ ጽሑፍ አለን። ድምፁ ግን የትም የለም።

ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ሄጄ ከእናቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ነበር። አርጅታለች፤ ብዙ ነገር ትረሳለች። ድንገት ዞር ብላ "አንች ጆሮሽ ደህና ነው፤ ለመሆኑ የይበልጣል ድምፅ ወፍራም ነበር ቀጭን?" አለችኝ። "ወፍራም" አልኳት። "እህ፣ ወፍራም ነበር" አለችና ለራሷ ልትሰማው እንደምትሞክር ሁሉ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። እኔ የማስታውሰው ነገር አልነበረም፤ አንዱን መምረጥ ስለነበረብኝ ነው ወፍራም ያልኳት።