ቀርቀሃው ሲፈታ

መጀመሪያ የደነዘዘችው ትንሿ ጣቴ ናት። ቀጥሎ ሌሎቹም ይጠቀጥቁኝ ጀመር። እኔ ዳንግላ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በመርፌ መወጋት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ይሄ ግን ሌላ ነበር።

ቀኝ ክንዴ የተሰበረው እህቴን ልጠይቅ ቆላ ወርጄ ሳለ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ የቤቷን ግድግዳ ላዬ ላይ ናደው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ራሱ ተሰነጣጥቆ በሽተኞቹ ሜዳ ላይ ሸራ ሥር ነበሩ። ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው፣ ማስታገሻ ሰጥተው «ሆስፒታል ሂጂ» አሉኝ። እኔ አገሬ ልግባ ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እኛ ዘንድ አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ነው የሚጠራው። አዘና የሚኖሩት አጎቴ አያ ፈንቴ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። ያበጠውን ክንዴን አሹት። በቀርቀሃ ስንጥቅ ደግፈው ጥብቅ አድርገው አሰሩት። «ተመልሼ እስክመጣ እንዳይፈታ። ካመመሽ እየገጠመ ነው፤ ቻይው» ብለው ሄዱ።

ቻልኩ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ቀዘቀዙ። ጠቆሩ።

«እማዬ፣ ፍቺልኝ!»

«አጎትሽ ምን ይሉኛል? ትንሽ ታገሺ እንጂ!»

«እጄ ሞተ እኮ! በምን ሠርቼ ልበላ ነው?» ብዬ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮህኩ። እናቴ እየተቆጣች ጣቶቼን ስትይዝ ፊቷ ተለወጠ። «ውይ ልጄን!» አለች። መቀሴን አንስታ እስሩን ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው።

በሚኒባስ ቆሰበር ሆስፒታል ደረስን። ኤክስሬይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ጣቶቼን ጫን ጫን አድርጎ አየ። «ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይባላል። እብጠቱ በእስሩ ታፍኖ ደም እንዳይዘዋወር አድርጓል። መፍታታችሁ በጀ። አሁኑኑ ቆዳውን ከፍተን ማስተንፈስ አለብን» አለ።

«ይቆረጣል?»

«ለማትረፍ ነው የምንገባው።»

ፈራሁ። ግድግዳው ሲወድቅብኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት እጄን ነው። ነበረ።

ቁስሉ እየደረቀ ሲሄድ አያ ፈንቴ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ እናቴ ልትገላምጣቸው ስትዘጋጅ እሳቸው ቀጥ ብለው ሐኪሙ ዘንድ ሄደው «ልጄ፣ ሳስር ምኑን ልይ?» አሉት፤ እሱም «እርስዎ ጋ የመጣውን አስቀድመው ወደ እኛ ይላኩልን» ብሎ፣ ጥፍር ተጭኖ ደሙ መመለሱን እንዴት እንደሚያዩ አሳያቸው። ዛሬ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣባቸው ራሳቸው ሆስፒታል ያደርሱታል። እኔም ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስኩ፣ ቤት ውስጥ የጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅልዬ እየጨበጥኩ፣ መጀመሪያ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ እጅጌ መግጠም ቻልኩ። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቤቱ ከተንቀጠቀጠ አሁንም ዘልዬ ደጅ እወጣለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ደሞ ሮጠች!» ብለው ይስቁብኛል፣ አብሬያቸው እስቃለሁ።

እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ሐኪሞቼ፣ ነርሶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደ እኔ ለተጎዳችሁ የምለው ይሄ ነው፦ ስብራታችሁን ሐኪም ሳያየው አታሳስሩት። የታሰረው ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ጣት አልንቀሳቀስ ካለ ቶሎ አስፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሰው «ቻሉት» ይላችኋል። አትቻሉት፤ ጩኹ። እኔ ጨዋ ሆኜ ዝም ብል ኖሮ፣ ዛሬ ይህን የምጽፍበት እጅ አይኖረኝም ነበር።