ለአንድ ሰርግ የተሰደሩ ዘፈኖች

የከበሮ ቆዳ እሳት ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ታውቂዋለሽ? ትንሽ የተለበለበ ጸጉር፣ ትንሽ የቆየ ቅቤ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያው ጀርባ አንድ ሰውዬ ከበሮውን ከሰል ላይ እያዞረ ሲያሞቅ ያ ሽታ መጣብኝ። ልገዛ የወጣሁትን ሽንኩርት ሳልገዛ ቤቴ ተመለስኩ።

አንኮበር ላይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ይወጣና የከበሮውን ቆዳ ያላላዋል። የላላ ከበሮ እርጥብ ጆንያ የመምታት ያህል ነው። አክስቴ ሰርግ በተጠራች ቁጥር ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ከበሮዋን የማሞቀው እኔ ነበርኩ። የአገሩ ዘፈን አውራጅ እሷ ነበረች። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፤ ጨፋሪው በእሷ ቃል ይነሳል፣ በእሷ ቃል ይቀመጣል። እኔ ግን ከተቀባዮቹ መካከል እንኳ አልነበርኩም። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም ነበር፤ ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ በመጣሁበት ክረምት፣ «ዘፈን አብረሽኝ ትሰድሪያለሽ» አለችኝ። ለልጇ ሰርግ ነበር። ልጇ አንድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል፣ እጮኛም አልነበረውም። እሷ ግን ለእሱ ብቻ ያወጣቻቸው፣ በማንም ሰርግ ያልተዘፈኑ ዘፈኖች ነበሯት።

«ሰው የለበሰውን ለልጄ አላለብስም» አለች።

የብስኩት ካርቶን ቀድጄ በየቁራጩ ላይ አንድ አንድ ዘፈን ጻፍኩ። መሬት ላይ ዘረጋናቸው፤ ሙሽሮቹ ሲደርሱ የሚወጣው በበሩ በኩል፣ ምሳ ሲበላ የሚዘፈነው መሀል፣ የጭፈራው ወደ ምድጃው። እኔ በፊደል ተራ እናድርጋቸው ብዬ ነበር።

«በፊደል ተራ?» አለች፣ ሳቋ እስኪያስላት ድረስ። «ሙሽራዋ በሀ ገብታ በፐ ልትወጣ ነው?»

ከዚያ የራሷን ተራ አሳየችኝ። ሁለት የዝላይ ዘፈን አይከታተልም፤ የአሮጊቶቹ ጉልበት ያልቃል። ከዝላዩ ቀጥሎ ትከሻ ብቻ የሚነካ ይገባል። ጨፋሪው ሳይጠግብ ዘፈኑ ይቆረጣል። መቼ እንደሚቆረጥ እንዴት ታውቂያለሽ ብላት፣ «እግራቸውን አያለሁ፤ ፊት ይዋሻል» አለችኝ።

ልጇ አንድ ቅዳሜ መጥቶ በካርቶኖቹ መካከል እየተረማመደ፣ «እማዬ፣ ሙሽራዋ ሳትገኝ ዘፈኑ አለቀ እኮ» አላት።

«አንተ ፈልግ፤ እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ተቀባይዋ ይቺ ናት? ይቺ ስትዘፍን የሚሰማት ቁንጫ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነበር። ግን ዘፈኖቹ እስከ ሰርጉ ቀን ጎረቤት ጆሮ እንዳይገቡ ስለፈለገች፣ ከእኔ ሌላ የሚቀበላት አልነበረም። በሩን ዘግተን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሷ ታወጣለች እኔ በቀጭን ድምፅ እቀበላለሁ። የመጀመሪያው፣ ልጁ ሙሽራዋን ይዞ ሲደርስ የሚወጣው፣ ጥያቄ ነበር፦

«በጉሙ መካከል ማነው የሚመጣ?»

«ልጅሽ ነው እናቱ፣ ሙሽራ ይዞ መጣ።»

በጥቅምት፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ልጇ የተሳፈረበት መኪና በጉም ውስጥ ከመንገድ ወጣ። ደውለው የነገሩኝ ክፍል ልገባ ስል ነበር። አንኮበር ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ከቀብር እየተመለሱ ነበር።

አክስቴ አላለቀሰችም። የቆመችው ድንኳኑ መሀል ነበር፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች። አልቃሿ ስሙን እየጠራች ስታስለቅስ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። ከዚያ በሰርግ ድምፅዋ፣ በዚያ እስከ ጓሮ ድረስ በሚሰማው፣ አወጣች፦

«በጉሙ መካከል ማነው የሚመጣ?»

ሴቶቹ ዘፈኑን አያውቁትም፤ ቢያውቁትስ ማን ይቀበላል? አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ ያዟት፣ ነውር ነው» አሉ። አንዲት ሴት፣ «ይተዉአት አባ፣ ሳይዳር የሞተባት እናት ናት» አለቻቸው።

ደግማ አወጣች። ጥያቄው ሄዶ ሸራው ላይ የቀረ መሰለኝ። የሰዉን ፊት በየተራ እያየች ፈለገች፤ ተቀባይ ያጣ አውራጅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያየሁት፤ እጁን ዘርግቶ ማንም እንዳልጨበጠው ሰው ትመስል ነበር። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መልሱ ደግሞ ውሸት ነበር። ልጇ አይመጣም፤ አሁን አፈር አልብሰውት መመለሳቸው ነው። እናት ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይባላል?

ሦስተኛ ጊዜ ስታወጣ ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ። ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ሆኜ አፌን ከፈትኩ።

«ልጅሽ ነው እናቱ፣ ሙሽራ ይዞ መጣ።»

የሰው ፊት ሁሉ ዞረብኝ። አላቆምኩም። ሁለተኛውን አወጣች፣ ተቀበልኩ። የምሳውን፣ የትከሻውን፣ የዝላዩን፣ በዚያ ክረምት በሰደርነው ተራ አንድም ሳትዘል አወጣች። መሀል ላይ ሴቶቹ መልሱን ለመዱትና እያለቀሱ አብረውኝ ተቀበሉ። እግሩን ያነሳ ግን አልነበረም። ቀድመው የተቆጡት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችም። ሰርግ ሲጠሯት ትሄዳለች፤ በልታ፣ መርቃ ትመለሳለች። እነዚያን ዘፈኖች ያን ቀን የሰሙ ሴቶችም በየትኛውም ሰርግ ሲያነሷቸው ሰምቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ሰው ሲሳሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋ አልቆ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ውሃ ሰጠኋት፤ አንድ ጊዜ ጎንጭታ መለሰችልኝ።

«የመጀመሪያው ላይ ቸኮልሽ» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው፣ አክስቴ።»

«ዝግ ማለት ነበረብሽ። ሙሽራዋ ገና ዳገቱን እየወጣች ነበር።»

እሺ አልኳት።