ሌቬቲራሲታም ያለቀበት ዊኬንድ

መጀመሪያ የበረረው ማንኪያ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሲሪያል እየበላሁ ቀኝ እጄ በራሱ ፈንጠር አለና ማንኪያው ከነወተቱ አባዬ ሸሚዝ ላይ አረፈ። አባዬ ሰው ለማመላለስ ወደ ኤርፖርት ሊወጣ ሲል ነበር። ቁርስ ልታበይኝ ከፈለግሽ ቀስ ብለሽ አጉርሽኝ እንጂ ምን ያስወረውርሻል ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ሳቅኩ። በነጋታው ማበጠሪያዬ በረረ። ከዚያ ስልኬ ወደቀና ስክሪኑ ተሰነጠቀ።

የፈተና ሳምንት ስለነበር እንቅልፍ በወጉ አልተኛሁም። እማዬ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ስልክ ነው አለች። እማዬ ዘንድ ራስ ምታትም፣ ብጉርም፣ በሒሳብ ሲ ማምጣትም ከስልክ ነው። ሶ ስልኩን ቀማችኝ። እጄ ግን መዝለሉን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ብቻ። ንቁ ነኝ፣ ሁሉንም አያለሁ፣ እጄ ግን የኔ አይደለም።

ከዚያ ትምህርት ቤት ወደቅኩ።

የማስታውሰው ደብተር የማስቀምጥበትን የሎከሬን በር ነው። ቀጥሎ የማስታውሰው የአምቡላንስ ጣሪያ ነው። መሃሉ የለም። ምላሴ ተነክሷል። ሱሪዬ ርሷል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አፍሬባት ደጋግሜ አጥፍቻታለሁ። ግን ይህን ከምታነቡት አንዷ እንደኔ ሆና ከሆነ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ ብዬ መለስኳት።

ሆስፒታል ኢኢጂ አደረጉልኝ። ጭንቅላት ላይ ሽቦ እየለጠፉ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነቡበት ምርመራ ነው፤ አያምም፣ ማጣበቂያው ግን ከፀጉር ቶሎ አይለቅም። የአንጎልና የነርቭ ሐኪሟ፣ ኒውሮሎጂስቷ፣ የበሽታዬን ስም ነገረችን፤ ጁቬናይል ማዮክሎኒክ ኤፒለፕሲ። እኛ ቤት ሁሉም የሚጥል በሽታ ነው የሚባለው። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። እባካችሁ የራሳችሁን ዓይነት ሙሉ ስሙን አጥኑ።

ሌቬቲራሲታም የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ እንድወስድ አዘዘችልኝ። «ያንቺ ዓይነት በመድኃኒት ጸጥ ይላል» አለችኝ። «ግን በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጥላል። ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትተዪው።»

አልተውኩም። እጄም ጸጥ አለ። ወራት አለፉ። ዶክተሯም መንዳት ትችላለች የሚለውን ወረቀት ፈርማልኝ መማር ጀመርኩ። እሁድ እሁድ አባዬ ከምንኖርበት ካሮልተን ግራንድ ፕሬሪ ወደሚባለው የቴክሳስ ከተማ ይወስደኛል፤ እማዬ የምትሠራበት መጋዘን ፓርኪንጉ ያን ቀን ባዶ ነው። እዚያ ፓርክ ማድረግ ያለማምደኛል። መስመሩን ስስት፣ እዚህ ቦታ ላይ እኮ አውሮፕላን ይቆማል ይለኛል። እዚህ አገር መኪና የሌለው ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እድሜ ልኩን አድርሱኝ እያለ ራይድ ይለምናል። እኔ ደግሞ ልገላገል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ክኒኑ አለቀ።

ሪፊል፣ ማለትም ክኒኑ እንዲታደስልኝ፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምረን ጠይቀን ነበር። ፋርማሲው የሚልክልኝ ግን «ሐኪምሽን እየጠበቅን ነው» የሚል ቴክስት ብቻ ነው። ለካ ኒውሮሎጂስቷ ክሊኒኩን ለቅቃ ሄዳለች፤ በቦታዋ የመጣው ደግሞ ሥራ አልጀመረም። አርብ ከሰዓት እማዬ ከሥራ ስትመለስ አብረን ሄድን። ሰኞ በዓል ስለሆነ ዊኬንዱ ረዥም ነው። ቤት የቀረኝ የዚያ ቀን የማታው ክኒን ብቻ ነበር።

ፋርማሲስቱ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። ኮምፒውተሩን አየና «ሪፊሉ አልቋል። ሐኪሟ ካላደሱት ምንም ማድረግ አልችልም» አለ። እማዬ እዚያው ቆማ ክሊኒኩ ጋ ኮል አደረገች። ተዘግቷል፣ መልእክት ይተዉ ይላል። ተወች። ማንም አልደወለም። እስከ ማክሰኞ እንዴት ትሁን ብላ ጠየቀችው።

«የሆነ ነገር ከተፈጠረ ኢመርጀንሲ ውሰጃት።»

ኢመርጀንሲ እንዳልሄድ ነበር እኮ እዚያ የቆምነው።

እማዬ ኦኬ፣ ቴንኪው አለችና ወጣን። መኪና ውስጥ ለምን አጥብቀሽ አልጠየቅሽውም አልኳት። «ሰውዬው አልችልም አለ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ምን አድርግ ልበለው?» አለችኝ። ይሉኝታዋን አውቀዋለሁ፤ እማዬ ሬስቶራንት ውስጥ ያላዘዘችው ምግብ ቢመጣላት እንኳ አመስግና ትበላለች።

ያኔ ያላወቅነውን አሁን ልንገራችሁ። የፋርማሲ ሕግ እዚህ አገር በየስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስ ውስጥ ሐኪሙ ካልተገኘና መድኃኒቱ መቋረጡ በሽተኛውን የሚጎዳው ከሆነ፣ ፋርማሲስቱ በራሱ ውሳኔ የሰባ ሁለት ሰዓት መድኃኒት መስጠት ይችላል፤ በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው መድኃኒቶች በቀር። የኔ እነዚያ ውስጥ የለበትም። ለኢንሱሊን ደግሞ ሕጉ በቅርብ ዓመታት ተሻሽሎ ከዚያም ለበለጠ ጊዜ መስጠት ተፈቅዷል። ለስኳር በሽተኞች ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ሌላ ስቴት ያለችው አክስቴ ስትሰማ፣ እዚህ ለደም ግፊቴ የወር ሰጥተውኛል እኮ አለች። የኔ አንጎል ግን የሚኖረው ካሮልተን ነው።

ስለዚህ ሰውዬው ይችል ነበር። ሕጉ ግን አያስገድደውም። መጠየቅ የሚያውቅ ያገኛል፣ ኦኬ ቴንኪው የሚል ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ ሥራውን አቋርጦ ሌላ አነስ ያለ ፋርማሲ ወሰደኝ። እዚያ ያለችው ፋርማሲስት ሴት ነች፤ ስለ ሰባ ሁለት ሰዓቱ የነገረችን እሷ ነች። ስሙንም ዶዙንም በቃሌ ነገርኳት። አመነችኝ፣ ግን ማመን ብቻ አይበቃም አለች። «ባዶውን ብልቃጥ አምጡልኝ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይበቃኛል።»

አባዬ ለእማዬ ደወለ። ማለቴ፣ እዚህ ጋ ስለ እማዬ ኩሽና ማወቅ አለባችሁ። እማዬ የክኒን ብልቃጥ አትጥልም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፍና ወረቀቱን ልጣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ ትሞላበታለች። ክዳኑ እርጥበት አያስገባም ትላለች፣ ልክ ናት። ዋይሊ የሚባለው ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ሳይቀር የኔ ብልቃጦች በቅመም ተሞልተው ተደርድረዋል። ስሜ ያለበት ወረቀት ግን፣ ትናንት ማታ ባዶ የሆነው ብልቃጥ ላይ እንኳ፣ አንድም የለም። አባዬ ቤት ደርሶ ይዞት የመጣው ራቁቱን የቀረ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል ብልቃጥ ነበር።

ፋርማሲስቷ አገላብጣ አየችው። አልሳቀችም። የመጀመሪያው ፋርማሲ ጋ ደወለች፤ ለዚያ ቀን ዘግተዋል። ነገ እነሱ እንደከፈቱ ደውላ አረጋግጣ እንደምትሰጠኝ ነገረችንና ወጣን። ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት አልወሰድኩም። ጣቶቼ መዝለል ጀምረው ነበር።

እትዬ ፎዚያ ከኛ በታች ያለው አፓርታማ ነው የምትኖረው። እማዬና እሷ ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። አገር ቤት በሄደች ቁጥር መድኃኒት በሻንጣ ይዛ ትመጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያመው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እሷ ጋ ነው የሚሄደው። ነገሩን ስትሰማ ያን ማታ አንድ ፍሬም ያልተነካበት የክኒን እሽግ ይዛ ከች አለች። ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ የተወው ነው።

«ይኸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት» አለች። «ወንድሜ በዚህ ነው ወላሂ ሰው የሆነው። አብሽሪ አንቺዬ፣ ለአንድ ሌሊት እኮ ነው።»

ጀርባው ላይ ካርባማዜፒን ይላል። የኔ አይደለም አልኩ። እማዬ ከባዶ ይሻላል አለች። አባዬ ውሃ ቀዳልኝ። ዋጥኩት።

እሁድ ጠዋት ሁለቱም እጆቼ ይዘሉ ነበር። ጥርስ መቦረሽ አቃተኝ። ፋርማሲው አልተከፈተም። እማዬ ወንበር ልታመጣልኝ ዞረች።

ከዚያ የለሁም።

እማዬ የነገረችኝ ነው። ወደቅኩ። አንዴ አቆመ። እንደገና ጀመረ። ከንፈሬ ጠቆረ። አባዬ በጎኔ ያዘኝ። አምቡላንስ መጣ። መንቀጥቀጡን የሚያስቆም ሎራዜፓም ወጉኝ። ሆስፒታል ሌቬቲራሲታም በደም ሥሬ ሰጡኝ። ያ ለአንድ ዊኬንድ የተከለከልኩት ክኒን ነው፣ በመርፌ።

ስነቃ ቀኝ ትከሻዬ ወልቋል። መንቀጥቀጡ ነው ያወለቀው።

ዶክተሩ ካርባማዜፒኑን ማን እንዳዘዘ ጠየቀ። እትዬ ፎዚያ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች፣ በአማርኛ። አባዬ ተረጎመላት። ዶክተሩ አልተቆጣትም፤ የተናገረው ለሁላችንም ነው።

«ይህ መድኃኒት ለሌላ ዓይነት ኤፒለፕሲ ጥሩ ነው። የእሷን ዓይነት ግን ሊያባብሰው ይችላል። ዋናው ጉዳት የራሷ መድኃኒት መቋረጡ ነው።»

እትዬ ፎዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ እሷን መጥላት አልቻልኩም። ስጪ ያልተባለችው ሰጠችን፣ ስጥ ተብሎ የተማረው ከለከለን። አባዬ በኋላ የመጀመሪያው ፋርማሲ ሄዶ ሥራ አስኪያጁን አናገረ። ሠራተኛው ሕግ አልጣሰም አሉት። እውነታቸውን ነው፣ አልጣሰም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ማገገሙ ረዥም ነበር። ትከሻዬን ወደ ቦታው ከመለሱት በኋላ ክንዴ በማንጠልጠያ ታስሮ ሲከርም ፀጉሬን የምትሠራልኝ እማዬ ነች፣ ደብተሬን የሚሸከምልኝ አባዬ ነው፣ ከትምህርት ቤት የምታመጣኝ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ የማይሰለቻት እትዬ ፎዚያ ነበረች፤ ማንጠልጠያው ሲፈታም ፊዚካል ቴራፒስቷ ጣትሽን በትንንሽ እንቅስቃሴ አለማምጂው ስላለችኝ፣ ከእማዬ ጋር ማታ ማታ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ሀሁ፣ ከዚያ ስሜን፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር፣ እና ሳላውቀው ይህን ሁሉ። «ጨ»ን ያለ ስህተት የጻፍኩ ቀን ያላሳየሁት ሰው የለም።

ከእትዬ ፎዚያም ጋር አንድ ቀን የመድኃኒት ሻንጣዋን ይዘን ያቺ ደጓ ፋርማሲስት ጋ ሄድን። እዚያ የተረፈ መድኃኒት የሚጣልበት ሳጥን አለ። አንድ በአንድ እያየች ነው የጣለችው፤ ይህ የእገሌን ልጅ ትኩሳት ያበረደ ነው፣ ይህ ለእገሊት ያስቀመጥኩት ነው እያለች። ስትጨርስ ለዓመታት ስንቱን ያስታመመች ሴት እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። እኔ ያዝኳት።

የመንዳት ነገር ቀርቷል። አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ ሳትወድቂ ጊዜ ይለፍ ብሎኛል፤ ቆጠራው ከዜሮ ተጀምሯል። ጓደኞቼ እየነዱ ነው። እኔ ራይድ እለምናለሁ። ሁሉም ለበጎ ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ላይሆን ይችል የነበረ ነገር ነው የሆነው።

አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ሆስፒታል የተነከሰ ምላሴን ላጠበልኝ ነርስ፣ ኮረሪማ የሸተተውን ብልቃጥ ይዛ ላልሳቀችብን ፋርማሲስት፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ በጎኔ ለያዘኝ አባዬ፣ ለእማዬ፣ አዎ ለእትዬ ፎዚያም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

እንደኔ ለታመማችሁና ልጅ ለምታስታምሙ የምለው አለኝ። ከብልቃጡ ላይ ያለውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ቅመማችሁን ሙሉ። የሰው ክኒን አትዋጡ፣ የበሽታው ስም ቢመሳሰልም። ረመዳን ሲመጣ የክኒኑን ሰዓት ራሳችሁ አታዛውሩ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሕጉ ይስፋ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እስኪሰፋ ግን ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኢመርጀንሲ ሪፊል፣ ያ የሰባ ሁለት ሰዓቱ የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት ማለት ነው። ፋርማሲስቱ አልችልም ካላችሁ፣ ሕጉ አይፈቅድልህም ወይስ አንተ አልፈለግክም በሉት። ያፍጥጥባችሁ። ከኋላ የተሰለፈውም ያጉረምርም፣ ቢዘገይ ነው እንጂ አይወድቅም። መልሱን ሳትሰሙ ከቆማችሁበት እንዳትነቃነቁ።